የልጆች ኔትቦል አሰልጣኝ ሁኚ ተባልኩ፤ ሥራው እስከ ምን ድረስ ነው?

የቅዳሜ እናት (ሜልበርን)
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ኔትቦል (ኳስ በእጅ እየተቀባበሉ ቅርጫት ውስጥ የሚያስገቡበት ጨዋታ) የምትጫወትበት ክለብ ከ11 ዓመት በታች ያለውን ቡድን አሰልጥኚልን ብሎኛል። ልጆቹ 10 ናቸው፤ ልምምድ በሳምንት አንድ ቀን ለ1 ሰዓት፣ ጨዋታ ቅዳሜ ጠዋት። ኃላፊነቴ ምን ምን ነው? በተለይ በማን ይሰለፍ ማን ይቀመጥ ከወላጆች ጋር መጋጨት አልፈልግም።

ሰባተኛ ቢብ
እህቴ፣ ወረቀቱን አስቀድሚ። በቪክቶሪያ ዎርኪንግ ዊዝ ችልድረን ቼክ (ከልጆች ጋር ለሚሠሩ የሚደረግ የጀርባ ማጣሪያ) ለበጎ ፈቃደኛ በነፃ ነው፤ 5 ዓመት ያገለግላል። «የልጇ እናት ነኝ» ብለሽ አትተዪው፤ ብዙ ክለቦች ወላጁንም ይጠይቃሉ።

ጭቅጭቅ የሚመጣው ሰልፉ ሜዳ ላይ በቃል ሲወሰን ነው። 7 የተጫዋች ቦታ በጨዋታው 4 ሩብ (ክፍለ ጊዜ) ሲባዛ 28 ተራ ይሆናል። ለ10 ልጆች ሲካፈል 8ቱ 3 ሩብ፣ 2ቱ 2 ሩብ ይጫወታሉ። በየሳምንቱ ሁለቱን ብትቀያይሪ በ5ኛው ጨዋታ ሁሉም እኩል ይደርሳቸዋል። ሰንጠረዡን ውድድሩ ሳይጀመር ለወላጆች ላኪ።

ቦታውንም አዟዙሪ። ረጅሟን ልጅ ዘወትር ጎል ኪፐር (ቅርጫቱ ሥር የምትከላከል) ማድረግ የተለመደ ጥፋት ነው። ጎል ኪፐር ከሜዳው አንድ ሦስተኛ አትወጣም፤ ሴንተር (የመሀል ተጫዋቿ) ግን ከሁለቱ የጎል ክቦች በቀር ሁሉንም ትሸፍናለች። እዚያው የቀረችው ልጅ ኳስ እየተቀበሉ መሮጥን ሳትለምድ ታድጋለች።

ጉልበት ጠባቂ
የጉልበት ነገር አይረሳ። በመደበኛው ሕግ ኳስ የያዘች ልጅ በ3 ሰከንድ ውስጥ ማቀበል አለባት፤ ያረፈችበትን እግር አንስታ ኳሱን ሳትለቅ መልሳ መርገጥ አትችልም። ስለዚህ በሩጫ ላይ ድንገት ትቆማለች፤ ጅማት የሚበጠሰውም ያኔ ነው። ከሰዓቱ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ ለአስተራረፍ ስጪ፦ ዘሎ ማረፍ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ማየት። የኔትቦል አውስትራሊያ «ኒ» (ጉልበት) ፕሮግራም ለዚሁ የተዘጋጀ ነው።

ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ፣ ማለትም 5 ኳስ ያስፈልግሻል። በአንድ ኳስ ረጅም ሰልፍ ካቆምሽ ልምምዱ ወረፋ ጥበቃ ነው። የኳሱን ቁጥርና የቅርጫቱን ከፍታ ክለቡን ጠይቂ፤ ትንንሾቹ በ4 ቁጥር ኳስና በ2.4 ሜትር፣ ትልልቆቹ በ5 ቁጥርና በ3.05 ሜትር ይጫወታሉ። ቅርጫቱ ያለጊዜው ከፍ ሲል ልጆቹ ኳሱን ከደረታቸው መወርወር ይለምዳሉ፤ በኋላ ማስተው ከባድ ነው።

ልጅ ጭንቅላቷን ተመትታ የአንጎል መናወጥ ነው ብለሽ ከተጠራጠርሽ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አትመለስም፤ ሐኪም ይያት። መናወጥ ከሆነ፣ ምልክቱ ከጠፋ 14 ቀን ሳይሞላ ንክኪ ያለበት ልምምድ፣ ከተመታች 21 ቀን ሳይሞላ ውድድር የለም።

ፊሽካ
ከጨዋታ በፊት ጥፍር ይቆረጥ፣ ጌጥ ይውለቅ። ማተብ ያሰረች ልጅ ካለች ቀደም ብለሽ ከወላጆቿና ከክለቡ ጋር ጨርሺው፤ ቅዳሜ ጠዋት ዳኛዋ ፊት አይሁን። ዳኛዋ ራሷ ብዙ ጊዜ ገና የምትማር ልጅ ናት፤ ወላጅ ሲጮህባት ዝም የምታሰኚው አንቺ ነሽ።

የቅዳሜ እናት (ሜልበርን)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከልምምድ በኋላ የሚወስዳት ሰው የዘገየባት ልጅ ብትኖርስ?

ሰባተኛ ቢብ
ብቻሽን አብረሻት አትቅሪ፤ ሌላ አዋቂ ከመጀመሪያው መድቢ። ሰው በሚያይበት ቦታ ጠብቁ፣ ለወላጅ ደውይ። በመኪናሽ ብቻዋን አትውሰጃት። መልእክትም ቢሆን ለወላጅ እንጂ በቀጥታ ለልጅ አይላክ።