የተቃጠለ አስከሬን አመድ፦ ግማሹ አሜሪካ፣ ግማሹ አገር ቤት ሊቀበር ይችላል?

ጥያቄ፦ ሟቿ ካቶሊክ ናቸው፤ ያረፉት አሜሪካ ነው። ልጆቻቸው አስከሬኑ እንዲቃጠል ተስማምተዋል። አመዱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን አዲስ አበባ መቅበር ይቻላል? ፍትሐቱስ?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ማቃጠሉ ከ1963 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተፈቅዷል፤ ክልክል የሚሆነው ከክርስትና እምነት ጋር በሚጋጭ ምክንያት ከተመረጠ ነው። ለሁለት መክፈሉ ግን አይሆንም። የ2016 እ.ኤ.አ. የቫቲካን መመሪያ አመዱን ለቤተሰብ ማከፋፈልን፣ መበተንን፣ ጌጥ ማሠራትን ይከለክላል፤ ቤት ማስቀመጥም በመደበኛው አይፈቀድም። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው ማብራሪያ ጥቂት ቅንጣት ለሟች ትርጉም በነበረው ቦታ እንዲቀመጥ በር ከፍቷል፤ እሱም ቀሪው በተቀደሰ ስፍራ ካረፈና የቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ካየው በኋላ ነው። ስለዚህ አንዱን አገር ምረጡ።

የቀብር ድርጅቱ ውል ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ቆሞሱን (የቁምስናውን ኃላፊ ካህን) አነጋግሩ። ርካሹ ጥቅል አስከሬኑን በቀጥታ ወደ ማቃጠያው ይወስደዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የምትመርጠው ደግሞ አስከሬኑ ባለበት ፍትሐትና ቅዳሴ ተደርጎ፣ ከዚያ እንዲቃጠል ነው። ሳጥን መግዛት የግድ አይደለም፤ የሚከራይ አለ። ቀድሞ ከተቃጠለም በጳጳሱ ፈቃድ አመዱ ባለበት ቅዳሴ ይደረጋል፤ ሳጥን ላይ የሚለብሰው ነጭ ልብስ ግን አይደረግበትም።

ሌላ መልስ፦ ሟቿ ደረት ውስጥ ባትሪ ያለው የልብ መሣሪያ ካለ ለድርጅቱ ንገሩ፤ እሳቱ ውስጥ ሊፈነዳ ስለሚችል አስቀድሞ ይወጣል።

ወደ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ለአዋቂ ሰው 3.3 ሊትር ገደማ የሚይዝ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ይበቃል። ብረትና ድንጋይ አትግዙ፦ የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች በራጅ ውስጡን ማየት ካልቻሉ አያሳልፉትም፤ እናንተ ክፈቱት ብትሉም አይከፍቱትም። ሻንጣ ውስጥ የማይቀበል አየር መንገድ ስላለ በእጅ መያዙ ይሻላል። የሞትና የማቃጠል ምስክር ወረቀቶቹ አብረው ይሁኑ፤ ሌላ የሚፈለግ እንዳለ ኤምባሲውን ጠይቁ።

የመቃብር ቦታውን ትኬት ሳትቆርጡ ጨርሱ። የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት የምሥራቅ ቀኖና ቁጥር 876ም ማቃጠልን አይከለክልም፤ ሆኖም ምእመናንን እንዳያሰናክል ያስጠነቅቃል። አገር ቤት አመድ መቅበር ስላልተለመደ፣ በተለይ ኦርቶዶክስ ዘመዶች ካሉ፣ ለቀስተኛው ሳጥን ሲጠብቅ ትንሽ ዕቃ እንዳያይ አስቀድማችሁ ንገሩት።