ኢንሹራንሱ ግማሹን ብቻ እከፍላለሁ አለኝ

ሰላም የባሕር ዳር ልጆች! ሹፌሬ አዲሱ የአባይ ድልድይ አካባቢ ሚኒባሷን ከምሰሶ ጋር አጋጫት። የጥገናው ፕሮፎርማ 200,000 ብር መጣ። ኢንሹራንሱ ግን ከ100,000 ላይ ኤክሰስ (ባለመኪናው ከራሱ የሚችለውን ድርሻ) ቀንሼ ነው የምከፍለው አለ። ሙሉ ዋስትና አይደል እንዴ የገዛሁት? ፈርምና ውሰድ እያሉኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

— መኪናዋ ፖሊሲው ላይ በስንት ነው የተመዘገበችው?

— 1 ሚሊዮን። እነሱ አሁን 2 ሚሊዮን ታወጣለች ይላሉ።

— እንግዲያው ነገሩ እሱ ነው ወንድሜ። ግማሽ ዋጋዋን ካስመዘገብክ ከጉዳቱም ግማሹን ነው የሚከፍሉህ፣ ሕጉም ይፈቅድላቸዋል፣ ውልህ ሌላ ካላለ። የመኪና ዋጋ እንዲህ እየናረ ስንቱ ነው በድሮው ግምት የሚያሳድስ! ግን 2 ሚሊዮኗን ማን ገመተ? የሚቆጠረው አደጋው በደረሰበት ቀን ያላት ዋጋ ነው። ገለልተኛ ገማች አስገምት። 1.6 ሚሊዮን ከተባለች ከ200,000ው (1 ለ1.6 ተካፍሎ) የሚደርስህ 125,000 ይሆናል፣ ከዚያ ኤክሰሱ ይቀነሳል።

— ዝም ብለህ ክሰስ፣ ሌቦች ናቸው!

— ኧረ ተረጋጋ። መጀመሪያ ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቃቸው፣ ደብዳቤህንም ገቢ አስደርገህ ቅጂውን ያዝ። «ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል» የሚል ወረቀት ላይ ግን እንዳትፈርም፣ በኋላ እሱን ነው የሚያወጡብህ። እምቢ ካሉ ተቆጣጣሪያቸው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ አቤት በል። ፍርድ ቤት ከመሄድህ በፊት ፖሊሲው ላይ የግልግል አንቀጽ እንዳለ እይ። ቀኑንም አትርሳ፣ በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 674 የይርጋው ጊዜ (ካለፈ መክሰስ የማትችልበት) 2 ዓመት ነው።

— ተባረኩ። ነገ ገማች እፈልጋለሁ፣ የምታውቁት ካለ በውስጥ ጻፉልኝ።