ባሌ ተኝቶ ትንፋሹ ይቆማል፣ ከልብ ጋር ይገናኛል?

ጠያቂ፦ ማንኮራፋቱስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። የሚያስፈራኝ ድንገት ጭጭ ሲል ነው። ደረቱ ይንቀሳቀሳል፣ አየር ግን የለም፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው ብንን ብሎ ይተነፍሳል። የደም ግፊቱም በ3 ዓይነት መድኃኒት አልወርድ ብሏል።

መልስ፦ በደንብ ይገናኛል እህቴ። ትንፋሽ በቆመ ቁጥር ኦክስጅን ይወርዳል፣ ሰውነት ደንግጦ አድሬናሊን ይለቃል፣ ግፊት ሽቅብ ይወጣል። ከባድ በሚባለው ደረጃ ይሄ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደጋገማል፣ አስቢው እስቲ። የልብ ምት መዛባትም አብሮት ይታያል፤ እሱ ደግሞ ልብ ውስጥ ደም ያረጋና ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። የእንቅልፍ ምርመራ ጠይቁ።

ሌላ መልስ፦ ሲፓፕ የሚባለው፣ ሲተኙ በጭንብል አየር የሚገፋው ማሽን ግፊቱን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ልብን ይጠብቃል ወይ ከተባለ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሴቭ የተባለ ትልቅ ጥናት ያንን አላሳየም፤ በጥናቱ ማሽኑ የተሰጣቸው ሰዎች ግን በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር ያደረጉት። ስለዚህ የግፊት መድኃኒቱን እንዳያቆም።

ጠያቂ፦ ማታ በስልክ ልቅረጸው?

መልስ፦ ቅረጪው፣ ለሐኪሙ ይጠቅማል።