ማታ ማታ በአማርኛ የምትጽፉ፣ በደብተር ነው ወይስ በስልክ?

የደሴዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ተተክዬ እውላለሁ፤ ደረሰኝ፣ ቫት፣ የደመወዝ ሊስት፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ማታ ቤት ስገባ ግን አንድ በጣም የምወደው ነገር አለኝ። እናቴ የምታወራውን እጽፋለሁ። ያደገችው ደሴ አካባቢ ነው። የድሮ ሠርግ እንዴት ይደገስ እንደነበር፣ እህሉ በቁና ተሰፍሮ እንዴት እንደሚሸጥ፣ በ77 ድርቅ ጊዜ ቤተሰቡ ምን በልቶ እንዳለፈ፣ ማን ለማን እንዳበደረ ሁሉ ታስታውሳለች። እሷ ስትናገረው ሌላ ነው፤ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።

ችግሬ አጻጻፉ ላይ ነው። ስልክ ላይ ስጀምር አንድ አንቀጽ ሳልጨርስ ቴሌግራም ይጮኻል፣ የመሥሪያ ቤት ግሩፕ ይከተላል፣ ከዚያ ሳላስበው ቲክቶክ ላይ ነኝ፣ ሰዓቱ ሄዷል። ላፕቶፕ ስከፍት ደግሞ ቢሮ የገባሁ ይመስለኛል፤ ያልጨረስኩት ሪፖርት እዚያው ቁጭ ብሎ ያየኛል። ደብተር ላይ ስጽፍ ደስ ይለኛል፣ እጄም ሐሳቤም አብረው ይሄዳሉ፣ ግን ከወር በኋላ «ያቺ የአክስቷ ታሪክ የት ነበረች?» ብዬ ስፈልግ አላገኛትም።

ሁለተኛ ነገር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ኮምፒውተር ቤት ወስዶ አስጽፎ ነበር። ፋይሉ ሲዲ ላይ ተገኘ። ስከፍተው ግን አማርኛ የለበትም፤ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ነው። ተበላሽቶ ነው? የሚድን ነገር አለው?

ሦስተኛ፣ እናቴን በድምፅ ብቀዳትስ? እንደዚህ የሚሠራ ካለ እንዴት እንደሚያደርገው ይንገረኝ። አፕ ብቻ እየጠቀሳችሁ አትለፉኝ፣ ቀናችሁን እንዴት እንደምታውሉት ጭምር ንገሩኝ።

የቀድሞ ታይፒስት፦

ልጄ፣ እናትሽን ዕድሜ ይስጥልሽ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕራይተር ላይ ነው ያረጀሁት። የአማርኛ ታይፕራይተር ታሪክ ሲነሳ ኢንጂነር አያና ብሩ ቀድመው ይጠራሉ፤ ፊደላችንን ለማሽን ያበቁ ሰው ናቸው። እኛ እንሠራበት በነበረው ማሽን የፊደሉን አካል በአንድ ቁልፍ ትመቺና ቅጥያውን በሌላ ቁልፍ ትጨምሪበት ነበር። ካርቦን አስገብተሽ ሦስት ኮፒ ታወጪያለሽ። አንድ ፊደል ከሳትሽ ሦስቱንም ነው የምትፍቂው። ስለዚህ ማንም ሰው ማሽን ላይ ቁጭ ብሎ አያስብም ነበር። ረቂቁ በእጅ ተጽፎ ይመጣል፣ ይነበባል፣ ይታረማል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚመታው።

አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ማሰቡንና መምታቱን በአንድ ሰዓት አታገናኚ። እናትሽ ስታወራ ሁሉንም ለመጻፍ አትሽቀዳደሚ፤ ስም፣ ቦታ፣ እና እሷ ራሷ ያለቻትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዢ። ሳትተኚ ግን ሙይው። ለነገ ካሳደርሽው ወሬው ይቀራል፣ አነጋገሯ ይጠፋል። መተየቡን ለቅዳሜ ወይም ለእሑድ ተይው፤ ያኔ እጅ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ስልክ ቢጮኽም የሚቋረጥ ሐሳብ የለም።

ፈልጌ አላገኝም ላልሽው መድኃኒቱ ማውጫ ነው። ደብተሩን ስትገዢ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ገጾች አትጻፊባቸው። እያንዳንዱን ገጽ ቁጥር ስጪው። ማታ ስትጨርሺ የሰውና የቦታ ስሞችን ከኋላ ጻፊ፣ ከጎኑ የገጹን ቁጥር። መዝገብ ቤት ስንሠራ ፋይል ይጠፋል የሚባል ነገር ያልነበረው በዚህ ነው። ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ጻፊ፤ ቀለሙ ወደ ጀርባ ስለሚያሳልፍ ፎቶ ስታነሺው ይደበላለቃል። ህዳግም ሰፋ አድርገሽ ተይ።

ባለ ኮምፒውተር፦

እህቴ፣ ስለ አባትሽ ፋይል አትጨነቂ፤ የተበላሸ አይመስለኝም። ያኔ በብዛት ይሠራባቸው የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ፣ አማርኛውን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ብቻ ነው፤ የግዕዝን መልክ እንደ ልብስ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቺው አሁን ያየሽውን ታያለሽ። ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት የሚያውቁበት መስፈርት፣ የእኛን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትሙ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ቪስታ በሚባለው ዕትሙ ነው። እስከዚያም ከዚያም በኋላ ኮምፒውተር ቤቶች በለመዱት ቀጠሉ፤ ስለዚህ የእነዚያ ዓመታት ሰነድ በየቤቱ እንደ አንቺ ፋይል ተቀምጧል፣ ብዙ ሰው ደግሞ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ሲዲውን ኮፒ አድርጊ፣ ዋናውን ፋይል አትንኪው። ኮፒውን በወርድ ክፈቺና ጽሑፉ ላይ ክሊክ አድርጊ፤ የፎንቱ ስም ከላይ ይታያል፣ ፎንቱ ኮምፒውተርሽ ላይ ባይኖርም ስሙ ይታያል። ያንን ፎንት ፈልገሽ ጫኚ። አማርኛው ወዲያው ይመለሳል። በዚያው ሰዓት ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪ፣ ይህን እንዳትዘይው፤ ምክንያቱም ወደ ዩኒኮድ ስትቀይሪው አንዳንድ ነገር መሳቱ አይቀርም፣ ያኔ የምታመሳክሪበት ትክክለኛ ቅጂ ያስፈልግሻል። በተለይ ቁጥሮቹን፣ ነጥቦቹን፣ እንዲሁም እንደ ቋ፣ ኳ፣ ጓ ያሉትን ዲቃላ ፊደላት አንድ በአንድ እዪ። የዘር ሐረግ ስለሆነ ዓመተ ምሕረት ከተሳሳተ ከባድ ነው።

ለመተየብ ኮምፒውተር ላይ ኪይማን የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም ነው የምጠቀመው፣ ነፃ ነው። የ«s»ን ቁልፍ ብቻ ስትመቺ ስ ይመጣል፣ «a» ስትጨምሪበት ሳ ይሆናል። በሳምንት ውስጥ እጅሽ ይለምደዋል። ስልክ ላይ የጉግል ኪቦርድ፣ ጂቦርድ፣ ይበቃል።

አንድ የማይረሳ ነገር። ኮምፒውተር ሀ፣ ሐ እና ኀን የተለያዩ አድርጎ ነው የሚያያቸው፤ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ዛሬ «ፀሐይ» ብለሽ ጽፈሽ ነገ «ጸሀይ» ብለሽ ብትፈልጊ ላያመጣልሽ ይችላል። ስለዚህ የሰዎቹን ስም እንዴት እንደምትጽፊ ከመጀመሪያው ወስኚና እሱን ብቻ ያዢ። በዚህ የታይፒስቷ እናታችን ማውጫ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል፤ የስሞቹን ዝርዝር ለብቻው አንድ ፋይል ላይ አድርጊው።

ስለ ቦታም አታስቢ። አንድ የአማርኛ ፊደል ብዙ ጊዜ የሚይዘው ሦስት ባይት ነው። መቶ ሺህ ፊደል ብትጽፊ ሦስት መቶ ኪሎባይት ገደማ ነው የሚሆነው፣ ከአንድ የስልክ ፎቶ በታች። ለራስሽ በኢሜል ላኪው፣ ፍላሽ ላይ አድርጊው፣ አንዱን ደግሞ ሌላ ቤት ላለ ዘመድ ስጪ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ በደብተሩ አልስማማም፣ ይቅርታ። ለሁሉም ሰው አይሆንም። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን ቤት ነው የምሠራው፣ የሌሊት ሽፍት። ደብተር ዘርግቼ የምቀመጥበት ጠረጴዛም ሰዓትም የለኝም። ያለኝ ጊዜ ባቡር ውስጥ ነው፣ እጄ ላይ ያለው ስልክ ነው። ስለዚህ ችግሩ ስልኩ አይደለም፣ ስልኩ ላይ ያለው ነገር ነው።

ያገለገለውን የድሮ ስልኬን ሲም አውጥቼ፣ ሁሉንም ነገር አጥፍቼ፣ የአማርኛ ኪቦርድ፣ ማስታወሻና መቅረጫ ብቻ አስቀረሁበት። ቴሌግራም የለ፣ ፌስቡክ የለ፣ ማንም አይደውልበትም። ያንን ስልክ ሳነሳ ልጽፍ እንደሆነ ጭንቅላቴም ያውቃል። እህት፣ አንቺም ቤት ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አታጪም፤ እሱን አድርጊው።

ድምፅን በተመለከተ፣ እኔ አባቴን የምቀዳው በስልክ እየተነጋገርን ነው። ከአዲስ አበባ ጋር እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ልዩነት አለን፣ እኔ ከመግባቴ በፊት ስደውል እሱ ለጸሎት ተነስቶ ነው የማገኘው። አንዱን ስልክ ስፒከር አደርግና በአሮጌው እቀዳለሁ። በኋላ ወደ ጽሑፍ ስቀይረው አንድ ዘዴ አለኝ። የጉግል የድምፅ መጻፊያ አማርኛን ከ2017 ጀምሮ ይቀበላል፣ ግን የአባቴን ድምፅ በቀጥታ ባሰማው ቃላቱን ያምታታል፤ ሽማግሌ ነው፣ መስመሩም ጥራት የለውም። ስለዚህ በአንድ ጆሮዬ እሱን እየሰማሁ እኔ በራሴ ድምፅ ቀስ ብዬ ጥርት አድርጌ እደግመዋለሁ፣ ስልኩ የእኔን ይጽፋል። አራት ነጥቡን በኋላ አስገባለሁ፣ ስሞቹን አርማለሁ። ከመተየብ በጣም ይፈጥናል። ደግሞ የአባትን ንግግር በራስ አፍ መድገም በዓይን አንብቦ ከማለፍ ይለያል፤ ቃል በቃል ይገባሻል።

ዝም ብዬ አንባቢ፦

ስለ መቅዳቱ አንድ ነገር ልጨምር። እናትሽን አስፈቅጂያት፣ በግልጽ። «ይሄን እየቀዳሁ ነው፣ ለልጆች እንዲቀር» በያት። አንዳንድ ታሪክ ውስጥ የሌላ ሰው ገመና አለ፤ ማን ለማን አበደረ ያልሽው ራሱ የዛሬ ልጆቻቸውን ሊነካ ይችላል። «ይሄ አይጻፍ» ካለች አይጻፍ።

ሌላው፣ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «ንገሪኝ» ካልሻት ብዙም አታገኚም። አያቴ እጇ ሥራ ሲይዝ ነበር የምታወራው። ምስር ስትለቅም፣ ጥጥ ስትፈትል ሳትጠየቅ ትጀምራለች። ዕቃም ያስታውሳል። አሮጌ የፎቶ አልበም፣ ሙዳይ፣ እንቅብ፣ የሠርጓ ቀን የለበሰችው ቀሚስ ካለ አውጪላት፤ «ይሄ ከየት መጣ?» ብለሽ ብቻ ዝም በዪ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፣ ሰው ቶሎ ሌላ ጥያቄ መጨመር ይወዳል፣ ግን ብዙ ጊዜ ዋናው ወሬ የሚመጣው ከዝምታው በኋላ ነው። ስልኩን ጨርቅ ላይ አስቀምጪው፣ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሲኒው ኳኳታ ሁሉ ይገባል። ቡና እየተቆላ ደግሞ አትቅጂ።

የደሴዋ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ ሁሉ ለራሴ የሚሆነኝን መርጫለሁ። ማታ በደብተር፣ ከኋላው ማውጫ ያለው። ቅዳሜ ከሰዓት ትየባ። አሮጌውን ስልክ ለመቅጃ ብቻ። እናቴን ትናንት አስፈቅጃታለሁ፤ «ለማን ብለሽ ነው?» አለችኝ፣ ለልጅ ልጆችሽ ስላት ደስ ብሏት ነው ያደረችው።

ፎንቱን አየሁት፣ ቪጂ2 ሜይን ይላል። ቀጥሎ ምን ላድርግ?

ደግሞ የቀድሞ ታይፒስቷን ልጠይቅዎት። እናቴ አነጋገሯ የወሎ ነው። በንጹሕ ስገለብጠው በመጽሐፍ አማርኛ ላስተካክለው ወይስ እንዳለ ልተወው? ወንድሜ አስተካክይው ይላል፣ እኔ ልቤ እሺ አላለኝም።

የቀድሞ ታይፒስት፦

ልብሽ ልክ ነው። ደብዳቤ እናርም የነበረው የመሥሪያ ቤቱ ስም ስላለበት ነው። ይሄ የእናትሽ ነው። እሷ ያላለችውን ቃል አታስገቢባት። ልጆች አይገባቸውም ብለሽ የምታስቢው ቃል ካለ ፍቺውን በህዳጉ ላይ በትንሹ ጻፊ። ድምፁ ላይ ያልሰማሽው ቦታ ካለም ገምተሽ አትሙይው፤ ክፍት ትተሽ በማግስቱ ራሷን ጠይቂያት።

ባለ ኮምፒውተር፦

ቪጂ2 ሜይን የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ነው፣ ስለዚህ እሱን ጭነሽ ክፈቺው። አንዳንድ ሰነድ ላይ ርእሱ በሌላ የቪጂ2 ፎንት የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከላይ እስከ ታች እያለፍሽ የእያንዳንዱን ክፍል ስም እዪ። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ስትመርጪም ለፓወር ግዕዝ የተሠራውን እንዳትጠቀሚ፣ የሁለቱ አቀማመጥ ስለማይመሳሰል ሌላ የተዘበራረቀ ነገር ነው የሚሰጥሽ። ፒዲኤፉን አውጥተሽ ከጨረስሽ በኋላ የተቸገርሽበት መስመር ካለ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የሰዎቹን ስም ግን ሸፍኚው።