0.8 እና 5፦ ኮፊሸንቱ የቱ ነው፣ መልቲፕላየሩስ?

የሂርማታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ፣ እናቴ ሱቅ እሠራለሁ። ማታ ማታ ኢኮኖሚክስ እማራለሁ። በሂሳብ «5ኤክስ» ላይ 5 ኮፊሸንት (አባዢው ቁጥር) ነው፤ እሱ ገብቶኛል። ኢኮኖሚክስ ላይ ግን ፍጆታ = 200 + 0.8 × ገቢ ይሉና 0.8ን ኮፊሸንት ይሉታል። ገጹን ስገልጥ «መልቲፕላየሩ 5 ነው»! ከየት መጣ? ብጠይቅ «ፎርሙላው ላይ አለ» ተብዬ ታለፍኩ።

ጋሽ ፈረሱላ፦
ልጄ፣ እኔ የቡና ሰው ነኝ። 6 ኪሎ ገደማ እሸት ቡና ደርቆ ተፈልፍሎ 1 ኪሎ ይወጣዋል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ 102 ኪሎ እሸት ያስፈልገኛል። 6ን ኮፊሸንት በይው። አንዴ አባዝተሽ አበቃ። የተፈለፈለ ቡና ተመልሶ ዛፍ ላይ አይወጣም።

አዌቱ ዳር፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። ብር ግን ተመልሶ ይወጣል፤ ልዩነቱ እሱ ነው። 0.8 ማለት ሰው ተጨማሪ 1 ብር ሲያገኝ 80 ሳንቲሙን ያወጣል ነው። ቡና ለቃሚው 1000 ብር ቢያገኝ 800ውን አንቺ ጋ ያወጣል። አንቺ 640ውን ለባጃጁና ለልብስ ሰፊው፣ እነሱ ደግሞ 512ቱን፣ እያለ ይሄዳል። ሁሉም ሲደመር 5000 ነው፤ 1 ለ0.2 (ከ1 ብሩ 0.8ው ወጥቶ የሚቀረው) ሲካፈል 5፤ መልቲፕላየሩ እሱ ነው። ሪቻርድ ካን የሚባል የእንግሊዝ ኢኮኖሚስት በ1931 ስለ ሥራ አጥነት ሲጽፍ ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ሌላው ኢኮኖሚስት ኬንስ በ1936 አስፋፋው። (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) የሂሳብ ሰው ከጠየቅሽ ደግሞ 5ም ራሱ ኮፊሸንት ነው ይልሻል፤ የገቢ ለውጥ = 5 × የመጀመሪያው ወጪ። አይዋሽም።

የሂርማታዋ፦
አሁን ገባኝ! ግን ደብተራችንን ሳየው 800 ብር የገባ ቀን አብዛኛው ለሳሙናና ለዘይት ወደ አዲስ አበባ ነው የሚላከው። ለእኛ የምትቀረን ትንሽ ናት።

አዌቱ ዳር፦
ታዲያ ለጅማ 5 አይሆንማ። ከ1 ብር እዚሁ የሚዞረው 30 ሳንቲም ነው ብንል 1 ለ0.7 ሲካፈል 1.43 ገደማ ነው። የመጽሐፉ 5 ምንም ወደ ውጭ የማይፈስበት አገር ነው።

የሂርማታዋ፦
ዱቤስ? ለቃሚዎቹ መስከረም ላይ ስኳር ይወስዱና ኅዳር ላይ ይከፍላሉ።

ጋሽ ፈረሱላ፦
እሱማ የኅዳሩ ብር ሳይመጣ በመስከረም ዞሯል ማለት ነው። እኔም ያለብኝን ልክፈል መሰለኝ፤ ለእናትሽ ሰላም በይልኝ።