በብርድ ወራት ስፖርት ቀነስ ማድረግ ዕረፍት ነው ወይስ ስንፍና?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲበረታ የጠዋት ሩጫዬን ትቼ በእግር መሄድ ጀምሬያለሁ። ክብደት ማንሳቱንም ተውኩና ሰውነቴን ማፍታታት ብቻ ሆኗል ሥራዬ። እንቅልፌን አንድ ሰዓት ጨምሬያለሁ። ጓደኛዬ «ስንፍናሽን ስም አወጣሽለት» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሰውነት ሁሌ እኩል አይነዳም ባይ ነኝ። እናንተስ?

ብረት ገፊው፦ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። «ሰውነቴን እያዳመጥኩ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያዳምጠው ብርድ ልብሱን ነው። ድብ ወራት ሙሉ ተኝቶ ጡንቻው ብዙም አይጎዳም። የሰው ግን ይከሳል። እ.ኤ.አ. በ1966 ዳላስ ውስጥ 5 ጤነኛ ወጣቶች ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያው ሰዎች እንደገና ተለኩ። የ3 ሳምንቱ መተኛት የጎዳቸውን ያህል የ30 ዓመቱ ዕድሜ አልጎዳቸውም። በቃ፣ እኔ ጨርሻለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ አልጨረስክም ወንድሜ። እነዚያ ልጆች ተኝተው ነበር፣ እሷ እኮ እየተራመደች ነው! ደግሞ የታሪኩን ግማሽ ትተኸዋል። ከአልጋ ተነስተው ልምምድ ሲጀምሩ አቅማቸው ተመልሷል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። ፈጠን ብሎ መራመድ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን ከሄደች 150ውን ሞላች ማለት ነው። ስንፍናው የቱ ጋ ነው?

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ከርሞ፣ አንድ ቀዝቃዛ ጠዋት ድንገት ተነስቶ የሚፈተለከው። ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል። ልቡን የሚያመው ሰው ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። አስም ያለበትም ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በኃይል ሲስብ ደረቱ ይጠብቃል።

ጠያቂዋም ግን አላመለጠችም። ያው መመሪያ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይላል። ማፍታታት የዚያን ቦታ አይሸፍንም።

የሌሊት ተረኛ፦ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ምርጫ ላለው ሰው ነው። እኔ ስሸከም ነው የማድረው። በረደም ሞቀም ፈረቃው ያው ነው። «ዝግ በል፣ እረፍ» የሚለውን ምክር ለእኔ ሳይሆን ለአለቃዬ ንገሩልኝ። ዕረፍት ይህን ያህል ጤና ከሆነ የሥራ ሰዓቱ ለምን አብሮ አያጥርም? እሱን ተከራከሩልኝ።

ብረት ገፊው፦ እሺ፣ አንተ ላይ አፍ የለኝም።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ እኔ አንዱን ወቅት «አርፋለሁ» ብዬ ቤት ዘጋሁ። መጋረጃ እንኳ አልገልጥም ነበር። እንቅልፍ በእንቅልፍ ሆንኩ፣ ሰው ማየት አስጠላኝ። በኋላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ብርሃን ሲያንስ የሚመጣ ድባቴ አለ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1984 ነው ስም ወጥቶለት የተጻፈው። አሁን ጠዋት ጠዋት ደመናም ቢሆን ወጣ እላለሁ። የደመና ቀን ብርሃን ከሳሎን መብራት ይበልጣል፣ ብታምኑም ባታምኑም። ስለዚህ ልጄ ብታርፊም፣ ስታርፊ በር አትዝጊ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እውነት ለመናገር እኔም ቅዳሜና እሁድ ከቤት አልወጣም። እሱን ሳልጽፍላችሁ ቀርቻለሁ። የጡንቻውንም ነገር ተቀብያለሁ። ግን ጂም ሳልሄድ ምን ልሥራ?

ፊዚዮቴራፒስቷ፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ። ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ። ደረጃ ካለ ቀስ ብሎ መውጣት። ሲቀልሽ ቁጥሩን ጨምሪ።

ብረት ገፊው፦ ቁጭ ብድግ ካለበት እኔም ድምፄን ሰጥቻለሁ። የግድግዳው ፑሽ አፕ ግን ከብርድ ልብሱ ጋር ዘመድ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦ ፈረቃዬ ደረሰ። የእኔን ጥያቄ የመለሰ ካለ ጠዋት ስገባ አነበዋለሁ።