የአያቴን የበቅሎ ቤት ላፍርሰው ወይስ ልጠግነው?

የነጋዴው የልጅ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ደሴ ነው፣ ከጦሳ ሥር። አያቴ በበቅሎ ጨውና ቡና የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸውም የሉ፣ በቅሎዎቹም የሉ። የበቅሎ ቤቱ ግን እስከ ዛሬ ጓሮ ቆሟል። ቆሟል ስል ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ነው።

7 ሜትር በ4 የሆነ ጭቃ ቤት ነው። 10 ቋሚ አለው፣ ሁሉም ጽድ፣ ውፍረታቸው 16 ሳንቲ ገደማ። ማገሩ በጠፍር የታሰረ ነው። ምስማር የገባው ቆርቆሮው ላይ ብቻ ነው። ላይ የገለባ ማስቀመጫ ቆጥ አለ። በኋላ እናቴ ማድ ቤት አድርጋው ስለነበር እንጨቱ በጥላሸት ጠቁሯል። አንዱ ቋሚ ላይ በቅሎዎቹ እየታከኩ ያለሰለሱት ቦታ አለ፤ በእጅ ሲዳስሱት መስታወት ነው።

ችግሩ እዚህ ነው። ከ10ሩ ቋሚ 4ቱ ከሥር በስብሰዋል። ካቻቢቴ ስወጋበት እስከ እጀታው ይገባል። ከ8 ዓመት በፊት እንዲያምር ብለን ግድግዳውን ከውጭ እስከ ወገብ በሲሚንቶ አስለስነን ነበር። አሁን ደግሞ ቆጡ ላይ ትንንሽ ቀዳዳና ዱቄት አየሁ።

አንድ አናጺ መጣ። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አየና «አፍርሰሽ በብሎኬት ሥሪው» ብሎኝ ሄደ። ሁለተኛው «ቋሚውን በሙሉ ነቅዬ በባህር ዛፍ ልተካልሽ» አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ «የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ መሰለሽ እንዴ? የበቅሎ ቤት እኮ ነው!» እያለ ይስቅብኛል።

የበሰበሰውን ብቻ ቆርጦ መቀጠል ይቻላል? ጽድስ ከየት ይገኛል? በነገራችን ላይ ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል። አያቴ «በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ የተበሳ ነው» ይሉ ነበር። እናቴ ያንን ቆርቆሮ ማንም እንዲነካው አትፈልግም።

ፒያሳ
ብሮ፣ በዚህ ዘመን ጭቃ ቤት? ለጥገና የምታወጣው ብር ብሎኬቱን ይገዛል። ገላግለው።

የነጋዴው የልጅ ልጅ (ደሴ)
ብሮ ሳይሆን እህት ነኝ። ብሎኬቱን እኔም አውቀዋለሁ፣ የጠየቅኩት ስለ እንጨቱ ነው።

አናጺው ከኮምቦልቻ
እህቴ፣ አብሽሪ። በአናጺነት 31 ዓመቴ ነው። የሽማግሌ ወሬ ረዘም ይላልና ታገሺኝ።

እኛ ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል ምስጥ ነው የሚያስለቅሰን። የናንተ የደሴ ጠላት ውሃ ነው። ጽድ እንዲህ በቀላሉ አይበሰብስም። አያትሽ ያቆሙት እንጨት ይህን ሁሉ ዘመን ችሎ በመጨረሻዎቹ 8 ዓመታት የሞተው በሲሚንቶው ነው። ጭቃ ይተነፍሳል፣ ዝናብ ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይመልሰዋል። ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፣ ውሃውን በስንጥቁ ያስገባና መውጫ ይከለክለዋል። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ተዪና መጀመሪያ ሲሚንቶውን ፈንቅዪ። ኋላ በጭድ በደንብ በቦካ ጭቃ ትለስኚዋለሽ፣ ላዩን ኖራ ትቀቢዋለሽ።

ቋሚው በደንብ ይቀጠላል። ከሥር ወደ ላይ እየወጋሽ ሂጂ። ደረቅ እንጨት ካገኘሽ በኋላ 20 ሳንቲ ጨምረሽ ቁረጪ። አሮጌውንና አዲሱን ግማሽ ለግማሽ ጠርበሽ ታጋጥሚያቸዋለሽ። መደራረቢያው የውፍረቱን ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ላንቺ 50 ሳንቲ ይበቃል። ሁለት ብሎን በሮንዴላ፣ ግን በአንድ የእንጨት መስመር ላይ አይሁኑ፣ ይሰነጥቁታል። የቁርጡ ጫፍ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል፣ ውሃ እንዳይተኛበት።

አዲሱን እግር አፈር ውስጥ አትቅበሪው። ጉድጓድ ቆፍሮ ኮንክሪት ማፍሰስም ያው ነው፣ ለእንጨቱ የውሃ ኩባያ እንደ መሥራት ነው። ከመሬት 20 ሳንቲ ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁሚው። እዚህ ላይ ብዙ አናጺ ይሳሳታል። የተቀበረ ቋሚ ቤቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ድንጋይ ላይ ሲወጣ ያ ጉልበት ይቀራል። ስለዚህ በየማዕዘኑ ሰያፍ ደጋፊ ያስፈልጋል። እሱን ረስተሽ ዘመም ያለው ቤት ቢተኛብሽ እኔን እንዳትረግሚኝ!

ሁለት ቋሚ በአንዴ አይቆረጥም። ጣራውን በወፍራም አጣና ደግፊ፤ ሞራሌ ለዚህ አይሆንም። በመኪና ክሪክ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አንሺ። ቤቱ ሲንቋቋ ካቆምሽ ይበቃል።

ባህር ዛፉን ተዪው። እርጥብ ባህር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። አሮጌው ጽድ መኮማተሩን ድሮ ጨርሷል። አንዱ ሲሸሽ ሌላው ይቆማል፣ መጋጠሚያው አፉን ይከፍታል። ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ጽድ ፈልጊ። አሮጌ ምስማር ይኑረው አይኑረው ግን በደንብ እዪ። እኔ ሁለት መጋዝ እንደዚያ አጥቻለሁ።

የተቃጠለ ዘይት ቀቢው የሚልሽ ይመጣል። ጭቃም ኖራም አይይዝልሽም፣ ማድ ቤት ውስጥ ደግሞ ለእሳት ነው።

ጠፍሩን እንዳትበጥሺው፣ አደራ።

ቦሩ ሜዳ
ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ሳትነኪው ባህልና ቱሪዝም ጠይቂ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም። ባይመዘገብም ፎቶ አንሺው፣ ቋሚዎቹን ቁጥር ጻፊባቸው።

ዱቄቱን ጥረጊና ሥሩ ወረቀት አንጥፊ። በሳምንቱ አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ካገኘሽ ነፍሳቱ በሕይወት አሉ። ካላገኘሽ ድሮ ሄደው ይሆናል። እናትሽ እሳት ማንደድ ካቆሙ በኋላ ገብተው ይሆናል፤ ጭስ አይወዱም።

ስለ ቆርቆሮው ግን... ቀዳዳዎቹ እኩል እየተራራቁ በመስመር ከሄዱ የድሮ ምስማር ቦታ ናቸው። ቆርቆሮው ከሌላ ቤት ላይ ተነቅሎ መጥቶ ይሆናል።

የነጋዴው የልጅ ልጅ (ደሴ)
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ የአክስቴን ልጆች ሰብስቤ ሲሚንቶውን በመሮ ፈነቀልነው። ዝናብ ካቆመ ሳምንታት አልፈዋል፣ ከሥሩ ያለው ጭቃ ግን ዛሬም ይጨመቃል። የበሰበሰው ቋሚም 4 ሳይሆን 5 ሆኖ ተገኘ። በልግ ሳይመጣ ለመጨረስ አስበናል። ሰኞ ገበያ አካባቢ ከፈረሰ ቤት የወጣ 3 ጽድ አግኝቻለሁ። ሁለቱ እንደ ጋሼ አባባል ምስማር በምስማር ናቸው፣ ልጆቹ በጉጠት እየነቀሉ ነው። ከቆጡ ሥር ወረቀት አንጥፌ አራተኛ ቀኔ ነው፣ እስካሁን ንጹህ ነው።

ወንድሜ ፎቶ ስልክለት መሳቁን አቆመ፣ የብሎኑን ሂሳብ እሱ ይችላል።

ቦሩ ሜዳ፣ ቆርቆሮውን ወጥቼ አየሁት። በመስመር ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም።